አሮጌ የጀልባ ሞተር፦ ይታደስ ወይስ ይቀየር?

ኢንቦርድ የሚባለው፣ ጀልባው ሆድ ውስጥ የሚገጠመው ሞተር ሲያረጅ ማጨስ፣ መጋል ወይም አልነሳ ማለት ይጀምራል። ያን ጊዜ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ምክር ያው ነው፦ «በቃ፣ አልቆለታል። ወይ አውርዳችሁ አሳድሱት፣ ወይ ቀይሩት።» ይህን ሰምቶ ወዲያው ቁልፍ ማንሳት ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ሞተር በዕድሜው አይፈረድበትም። በጭሱ ቀለም ብቻም አይፈረድበትም። ተለክቶ ነው የሚፈረድበት። «አልቆለታል» የተባለ ሞተር ሲለካ ውስጡ ደህና ሆኖ፣ የተበላሸው ዙሪያው ላይ በብሎን የታሰረ ነገር ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ልብ በሉ። የጀልባ ሞተር ብዙ ሠርቶ ስላለቀ የሚሞተው አልፎ አልፎ ነው። በደንብ የተያዘ የቤንዚን ሞተር ዋና እድሳት ሳይፈልግ 1,500 ሰዓት ገደማ ይሠራል ተብሎ ይገመታል። ናፍጣ ከሆነ 5,000 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሄዳል። በዓመት 50 ሰዓት ብቻ የሚነሳ ጀልባ 1,500 ሰዓት ለመሙላት 30 ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ ዋናዎቹ ገዳዮች ጨው፣ ሙቀትና ሥራ ፈትቶ መቆም ናቸው። የምትጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄም «ምን አገኘው?» የሚል መሆን አለበት። ምን እንደገደለው ሳይታወቅ የታደሰ ሞተር በዚያው በሽታ ተመልሶ ይሞታል።

ከታች ያሉት ደረጃዎች ከርካሹ ወደ ውዱ የሚሄዱ ናቸው። እያንዳንዱ ላይ ቆም ብላችሁ «እዚህ ላይ ይበቃል?» ብላችሁ ጠይቁ።

1. ሞተሩ ምን እንደሆነና እንዴት እንደኖረ እወቁ

ሞተሩ ላይ ያለውን ታርጋ፣ የሞዴልና የሴሪያል ቁጥሩን ጻፉ። የሰዓት ቆጣሪ ካለው አንብቡ። ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተነሳና ከዚያ በኋላ እንዴት እንደተቀመጠ አጣሩ። ውሃው ተደፍቶ፣ ዘይቱ ተቀይሮ ነው የቆመው? ወይስ እንደነበረ ተትቶ?

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ማቀዝቀዣው ነው። አንዳንዱ ሞተር የባሕሩን ወይም የሐይቁን ውሃ በቀጥታ ብሎኩ (የሞተሩ ዋና የብረት አካል) ውስጥ ያዘዋውራል። ሌላው ውስጡ የራሱ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) አለው፤ የውጭው ውሃ የሚያልፈው በሙቀት መለዋወጫው በኩል ብቻ ነው። ሁለተኛው ለእድሳት የተሻለ እጩ ነው። የመጀመሪያው ለዓመታት ጨዋማ ውሃ ላይ ከሠራ ግን ብረቱ ከውስጥ ተበልቷል ማለት ነው። ፒስተን ይቀየራል፣ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ይቀየራል፤ የሳሳ የብሎክ ግድግዳ ግን አዲስ አይገዛለትም።

ብርዱ ውሃ የሚያረጋበት ቦታ የከረመ ሞተር ከሆነ ደግሞ የብሎኩን ጎን በጠንካራ መብራት እዩ። በተለይ ከማኒፎልዱ (ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ ከሚሰበስበው ክፍል) በታች ያለውን። ውሃ ሲረጋ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ብረቱንም ይሰነጥቀዋል። በቁመቱ የሚሄድ ቀጭን የዝገት መስመር ካያችሁ እዚያው ቁሙ። የተሰነጠቀ የጀልባ ብሎክ ላይ የእድሳት ገንዘብ ማፍሰስ አልመክርም።

2. መጀመሪያ ዙሪያውን መርምሩ

ጉልበት አጥቶ ጥቁር ጭስ የሚያወጣ ናፍጣ ሞተር አየር አጥሮት፣ ናፍጣ በዝቶበት ወይም ጭነት ከብዶት ነው። የአየር ፊልትሮውን እዩ። ናፍጣ የሚረጩትን ኖዝሎች አውጥታችሁ አስፈትሹ። የጀልባውን ታች እዩ፤ አረምና ዛጎል የተለጠፈበት ጀልባ ሞተሩን ያለ ጥፋቱ ያስጨንቀዋል። ፕሮፔለሩም ከልክ በላይ ትልቅ ወይም ጠመዝማዛው የበዛ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት አምራቹ ያስቀመጠው ዙር ላይ ካልደረሰ፣ ስለ ፒስተን ከማሰባችሁ በፊት ፕሮፔለሩን ጠርጥሩ።

የሚግል ሞተርም እንዲሁ ነው። የውሃ ፓምፑን ክዳን ክፈቱና የላስቲክ ክንፎቹን ቁጠሩ። አንድ ክንፍ ከጎደለ የተቆረጠው ቁራጭ የሆነ ቦታ ውሃ ዘግቶ ተቀምጧል፤ እስኪገኝ ፈልጉት። ቴርሞስታቱን አውጥታችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ ፈትኑት። የሙቀት መለዋወጫው ቱቦዎች በጨውና በደለል ይዘጋሉ፤ ይጠረጋሉም።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ግን የጭስ ማውጫውን ክርን ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስና የማቀዝቀዣው ውሃ የሚገናኙት እዚያ ነው። የጋለ ካርቦንና ጨዋማ ውሃ ተቀላቅለው ግድግዳው ላይ ይጋገራሉ። ክርኑን ፍቱና ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ከውጭ ሲታይ ሰፊ የነበረው ቧንቧ ውስጡ ትንሿ ጣት የማታልፍበት ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ሞተሩ መተንፈስ አቅቶት ነው ማለት ነው፤ ያጨሳል፣ ይግላል፣ ጉልበት ያጣል። ሞቷል የተባለ ሞተር አንድ ክርን ተቀይሮለት የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚያው ክፍል ሌላው ጉድ የባሰ ነው። የቤንዚን ሞተሮች ላይ ማኒፎልዱና ከላዩ ያለው ራይዘር ከውስጥ ሲበሉ ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ይፈሳል። ጨዋማ ውሃ በቀጥታ የሚያልፍባቸው ከሆነ ከ5 እስከ 7 ዓመት ውስጥ እንደ አላቂ ዕቃ ይቆጠራሉ። ከዚያ በላይ ከቆዩና ታሪካቸው ካልታወቀ ፍቱና እዩ። የሚገጣጠሙበት ፊት ላይ የዝገት ፈሳሽ መንገድ ከሠራ፣ ውሃው ወዴት ሲሄድ እንደነበር አወቃችሁ።

3. ዘይቱን አንብቡ

ሞተሩ አንድ ሌሊት ቆሞ ይደር። ጠዋት፣ ሳይነሳ፣ ከታች ትንሽ ቅዱ። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ካለ ከታች ተኝቷል፤ መጀመሪያ የሚመጣውም እሱ ነው። ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ ገብቶበታል። ቀጥኖ ነዳጅ ነዳጅ የሚሸት ደግሞ ቤንዚን ወይም ናፍጣ እየፈሰሰበት ነው። ምክንያቱ የነዳጅ ፓምፑ የተቀደደ ሽፋን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያ ትንሽ ጥገና ነው።

ከዚያ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ላኩ። ዘይቱ ቢያንስ ጥቂት ሰዓታት የሠራ ይሁን፤ ትናንት የተቀየረ ዘይት ምንም አይናገርም። ብረት ከበዛ ሲሊንደሩ እየተበላ ነው። አሉሚኒየም ፒስተንን ይጠቁማል። እርሳስ፣ ቆርቆሮና መዳብ ኩሽኔታዎቹን (ዘንጉ የሚሽከረከርባቸውን ማረፊያዎች) ይጠቁማሉ። ሶዲየም የጨዋማ ውሃ ወይም የኩላንት ምልክት ነው። ሲሊከን አቧራ መግባቱን ይናገራል።

4. ኮምፕሬሽን ለኩ

ፒስተኑ አየሩን ምን ያህል እንደሚያምቅ የሚለካው ዋናው ፈተና ይሄ ነው፤ በደንብ ካልተሠራ ያሳስታል። ባትሪው የሞላ ይሁን። ሞተሩ የሚነሳ ከሆነ አሙቁት። ሁሉንም ካንዴላዎች አውጡ፤ በናፍጣ ሞተር ኖዝሎቹን። የእሳት መስመሩንና ነዳጁን ዝጉ። የአየር መግቢያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። የቤንዚን ጀልባ ከሆነ ሞተሪኖውን ከመንካታችሁ በፊት የሞተር ክፍሉን ማራገቢያ ቢያንስ ለ4 ደቂቃ አሠሩ፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ታች ላይ ይተኛል፣ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች።

ጀልባ ላይ ብቻ ያለ አንድ አደጋም አለ። ሞተሩ ሳይነሳ ሞተሪኖው ደጋግሞ ሲያዞረው ፓምፑ ውሃ ይስባል። ውሃውን ገፍቶ የሚያስወጣ ጭስ ግን የለም። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ይሞላና ውሃው ወደ ሲሊንደር ይመለሳል። ስለዚህ ስትለኩ የባሕር ውሃ መግቢያውን ዝጉ፤ ሞተሩን ከማስነሳታችሁ በፊት ደግሞ መልሳችሁ ክፈቱ። ቁልፉ ላይ ማስታወሻ አንጠልጥሉ።

አሁን እያንዳንዱን ሲሊንደር በእኩል ዙር፣ አምስት ስድስት ጊዜ እየታመቀ ለኩና ጻፉ። ቤንዚን ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከ120 እስከ 180 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ያሳያል። ናፍጣ ከ350 እስከ 450 አካባቢ ነው፤ ለዚህ የናፍጣ ጌጅ ያስፈልጋል፣ የቤንዚኑ አይችለውም። ትክክለኛውን ቁጥር የሞተሩ መጽሐፍ ይነግራችኋል። እኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሲሊንደሮቹን መመጣጠን አያለሁ። ዝቅተኛው ከከፍተኛው 75 በመቶ በታች መውረድ የለበትም። አራቱም 125 ያሉበት ሞተር ሦስቱ 160 ሆነው አንዱ 95 ካለበት ይሻላል።

አንድ ምሳሌ እንይ። አራቱ ሲሊንደሮች በተራ 150፣ 145፣ 90፣ 95 አሉ እንበል። ደካሞቹ ጎረቤታሞች ናቸው። ይህ ብዙውን ጊዜ በመካከላቸው ያለው የቴስታ ጓርኒሲዮን (የሲሊንደሮቹ ክዳን ማሸጊያ) መቃጠሉን ይናገራል። ቴስታው ብቻ ይወርዳል፣ ሙሉ እድሳት አያስፈልግም። ደካማው አንድ ብቻ ከሆነ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩበትና እንደገና ለኩ። ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው፤ ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ደፍኖታል። ካልተነቃነቀ ቫልቭ ነው። ናፍጣ ላይ ዘይቱን ጠብታ ጠብታ ብቻ አድርጉ፤ ከፒስተኑ በላይ ያለው ቦታ ጠባብ ነው፣ ፈሳሽ ደግሞ አይታመቅም።

አራቱም እኩል ዝቅ ካሉና በዘይት ሁሉም ከፍ ካሉ፣ ያኔ ስለ እድሳት በቁም ነገር ማውራት ይቻላል። ያም ሆኖ ለብቻው የተለየ ጉዳይ አለ፦ ባትሪ ለመሙላት ብቻ ያለ ጭነት ሲነዳ የኖረ ናፍጣ። ሲሊንደሩ እንደ መስታወት ይለሰልስና ፋሻው አይዝም። ይህ ማለቅ አይደለም። ሲሊንደሩን ሆን በሚባለው መሣሪያ መቧጨርና አዲስ ፋሻ ማስገባት ይመልሰዋል።

5. አየሩ ወዴት እንደሚሸሽ አዳምጡ

ኮምፕሬሽን ጉድለት መኖሩን ይናገራል፣ የሊክዳውን ፈተና ደግሞ ቦታውን ያሳያል። ፒስተኑን ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት የላይኛው ጫፍ ላይ አድርጋችሁ በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር አስገቡ። ክራንክሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) በደንብ ያዙ፤ አየሩ ሊያዞረው ይችላል። ከዚያ ጆሮ ስጡ። በአየር መግቢያው ከተነፈሰ የመግቢያ ቫልቭ ነው። በጭስ ማውጫው ከሆነ የጭስ ቫልቭ። በዘይት መሙያው ከሆነ ፋሻ። ኩላንቱ ውስጥ አረፋ ካለ ጓርኒሲዮን ወይም ስንጥቅ። እስከ 10 በመቶ መሸሽ ጥሩ ነው፣ 20 ይታገሡታል፣ ከ30 በላይ ከሆነ መክፈት ግድ ነው።

በዚያው ቀዳዳ ትንሿን ካሜራ አስገብታችሁ ግድግዳውን እዩ። ካሜራው ዛሬ ውድ አይደለም። ቁመቱን ይዞ የሚሄድ ጭረትና የዝገት ጉድጓድ ካለ ምንም ዓይነት ተጨማሪ ፈሳሽ አያድነውም።

6. የታችኛው ክፍል

ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የዘይት ጌጅ አትመኑ። ሜካኒካል ጌጅ በቀጥታ ግጠሙና ሞተሩ ሲግል አንብቡ። ለቤንዚን ሞተር መነሻ የሚሆን የቆየ ልማድ አለ፤ በየ1,000 ዙሩ 10 ፒኤስአይ። ከዚያ በታች ከሆነና ዘይቱ ካልቀጠነ፣ ኩሽኔታዎቹ ወይም ፓምፑ ተበልተዋል። ጭነት ሲሰጠው ከታች በወፍራሙ የሚያንኳኳ ሞተር ካላችሁ ደግሞ አጥፉት። እያንኳኳ በተነዳ ቁጥር ሊተርፍ የሚችለው ክራንክሻፍት እየሄደ ነው።

ካምቢዮውንም አትርሱ። ዘይቱ የተቃጠለ ከሸተተ ወይም ወተት ከመሰለ ሒሳቡ ይለወጣል፤ ሞተር ታድሶ ካምቢዮ ሲሞት ያሳዝናል።

የነከሰ (ተጣብቆ አልዞር ያለ) ሞተር ካላችሁ

በሞተሪኖ አታስገድዱት። ካንዴላዎቹን ወይም ኖዝሎቹን አውጥታችሁ በየሲሊንደሩ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አፍስሱና ለቀናት ተዉት። ከዚያ የክራንክሻፍቱን ብሎን በረጅም ቁልፍ ወዲህ ወዲያ በትንሽ በትንሹ ነቅንቁ። መላቀቁ ብቻውን መዳን አይደለም፤ ተመልሳችሁ ኮምፕሬሽን መለካት አለባችሁ። ውሃ የገባበት ትናንት ወይም ዛሬ ከሆነ ግን ሰዓት አትፍጁ። ውሃውን አስወጡ፣ ዘይት ሙሉበት፣ አዙሩት። ዝገት ሥራውን የሚጀምረው በሰዓታት ውስጥ ነው።

7. መለዋወጫ ሳይገኝ አትፍቱ

ሞተሩ ከመነቀሉ በፊት የዕቃ ዝርዝር ይዛችሁ ፈልጉ፦ ፒስተን፣ ፋሻ፣ ኩሽኔታ፣ ሙሉ ጓርኒሲዮን፣ የውሃ ፓምፕ። ከዚያ ደግሞ ሰው የሚረሳቸውን፦ ማኒፎልድ፣ ራይዘር፣ ክርን፣ የሙቀት መለዋወጫ። ብዙ ጊዜ የሚታጡት እነዚህ ናቸው። ፒስተን የትም ይገኛል፣ የዚያ ሞተር ማኒፎልድ ግን የለም ይባላል።

ሞተር ማርጀቱ ብቻ አያስፈራ። ፐርኪንስ 4-108 የተባለው ናፍጣ ሞተር ምርቱ ከቆመ ዘመን አልፎታል፤ በጀልባም በመኪናም ላይ በብዛት ስለተገጠመ ዕቃው አሁንም ይሠራል። አቶሚክ 4 የተባለው የቤንዚን ሞተር ምርቱ የቆመው በ1984 እ.ኤ.አ. ሲሆን እስካሁን ዕቃ የሚያቀርቡለት አሉ። 5.7 ሊትሩ የጄኔራል ሞተርስ ቪ8ም እንዲሁ ነው። በአንጻሩ በጥቂቱ ተመርቶ የቀረ ሞተር ወጣት ቢሆንም ዕዳ ነው።

8. ሒሳቡን በሐቅ ሥሩ

የእድሳቱን ዋጋ ከአዲስ ሞተር የመደብር ዋጋ ጋር አታወዳድሩ። አዲስ ሞተር ይዞት የሚመጣው ብዙ ነው። መሠረቱ አይገጥምም፣ የሚቀመጥበት አልጋ እንደገና ይሠራል። የካምቢዮው ሬሾ ከተለየ ፕሮፔለር ይቀየራል፤ ምናልባት ፕሮፔለሩን የሚያዞረው ዘንግም። የጭስ ቧንቧው ስፋት፣ የነዳጅ መመለሻው መስመር፣ ሽቦው፣ የመቆጣጠሪያ ኬብሎቹ ሁሉ ይነካሉ። እድሳቱም ቢሆን ክሬን፣ ቶርኖ ቤትና ማኒፎልድ አለበት። ሁለቱንም ሙሉ አድርጋችሁ ጻፉ። የእድሳቱ ጠቅላላ ወጪ ከቅያሬው ጠቅላላ ወጪ ግማሽ ገደማ ከሆነ እኔ አሳድሳለሁ። ከ60 በመቶ ካለፈ ዋስትና ያለው አዲስ ወይም በፋብሪካ የታደሰ ሞተር ያሸንፋል።

ከሁለቱም በፊት ግን ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ምሰሶዎች በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጋችሁ ስሙ። ደረቅ ድምፅ ጥሩ ነው። የደነዘዘ ድምፅ የበሰበሰ እንጨት ነው። ጀልባው ራሱ ካልጸና ስለ ሞተሩ ማውራት ይቆየን።

9. ለማሳደስ ከወሰናችሁ

በደረጃ ክፈቱት። መጀመሪያ ቴስታው ይውረድ፤ ሲሊንደሮቹ ይለኩ፤ መቀጠል ያዋጣ እንደሆነ ያኔ እንደገና ወስኑ። ብሎኩ ቶርኖ ቤት ሲሄድ መጀመሪያ ስንጥቅ ይፈተሽ፣ ከዚያ ይታጠብ፣ ከዚያ ይለካ። ቁፋሮ (ሲሊንደሩን ማስፋት) የሚጀመረው ፒስተኑ በእጃችሁ ከገባ በኋላ ብቻ ነው፤ አለበለዚያ የማይገኝ መጠን ላይ ተቆፍሮ ይቀራል። ሲፈታ እያንዳንዱን ነገር ፎቶ አንሡ፤ የኩሽኔታ ክዳኖች ከየት እንደወጡ ቁጥር ይጻፍባቸው።

ሁለት የጀልባ ሕጎች አሉ። የቤንዚን ጀልባ ሞተሪኖ፣ ዲናሞ፣ ካርቡራተርና የነዳጅ ፓምፕ ለጀልባ ተብለው የተሠሩ መሆን አለባቸው። የመኪናው ርካሽ ነው፣ ይገጥማልም፤ ግን ፍንጣሪና ነዳጅ ወደ ውጭ ስለሚያመልጠው የተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል። ሁለተኛ፣ ጀልባችሁ መንታ ሞተር ከሆነ አንደኛው በተቃራኒ ሊዞር ይችላል። ካምሻፍቱም የዘይት ማገጃዎቹም የተለዩ ናቸው፤ ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት አቅጣጫውን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

ሞተሩ ተመልሶ ሲገባ ከዘንጉ ጋር የሚስተካከለው ጀልባው ውሃ ላይ ሆኖ አንድ ቀን ያህል ካረፈ በኋላ ነው፤ የብስ ላይ የተስተካከለ ውሃ ላይ ይዛነፋል። ሞተሩና ዘንጉ የሚገናኙበት መጋጠሚያ 10 ሳንቲሜትር ስፋት ካለው ዙሪያውን ያለው ክፍተት ልዩነት ከ0.1 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም። ከዚያ ሞተሩን ያለ ጭነት ለረጅም ሰዓት አታጉሩት። ሲሞቅ ጀልባውን ይዞ ይውጣ፣ ዙሩን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ አሠሩት፤ ፋሻው የሚይዘው በጭነት ነው። የመጀመሪያውን ዘይትና ፊልትሮ መጽሐፉ ባለው ሰዓት፣ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ሰዓት ውስጥ፣ ቀይሩ። የተቀየረውን ዘይት ከመጣላችሁ በፊት ናሙና ላኩ።